ምዕራፍ ስድስት፦ ውሃን የሚከተል ዛፍ

የዱር ዘንባባን በተፈጥሮ ስፍራው ቆሞ ለማየት፣ በጥላውም ሥር የሚመላለሱትን አራዊትና በቅጠሉ መካከል የሚሰፍሩትን አዕዋፍ ለመመልከት ሽቶ ወደ አሶሳ የሚወርድ ሰው፣ አስቀድሞ በልቡ የሣለውን የደን መልክ ለጊዜው ከአእምሮው ቢያርቀው ይጠቀማል፤ በመጻሕፍትና በፊልም የለመድነው፣ ዛፍ በዛፍ ላይ ተደራርቦ፣ ሐረግ ከሐረግ ተጠላልፎ፣ የፀሐይ ብርሃን መሬቱን ሳይነካ የሚውልበት፣ ዝናሙም ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥበት የሐሩር ደን በአሶሳ ዙሪያ አይገኝምና። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ መንዲን አልፎ፣ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ በባምባሲ በኩል ወደ ከተማዪቱ የሚገባ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው የሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ ዱር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰንበሌጥ፣ በበጋም ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም ቁጥቋጦና ዛፍ ነው። ዘንባባው ግን አለ። ያለው ሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሕግ በታች ነው፤ ይህም ሕግ የውሃ ሕግ ስለሆነ፣ በዚህ አገር ዘንባባን የሚፈልግ ሰው ደን ደን ከማለት ይልቅ ወንዝ ወንዝ ማለት ይገባዋል።

የሐሩር ደን የሚባለው ዝናም ስለ በዛለት ብቻ አይበቅልም፤ ዝናሙ በወራት ሁሉ ላይ ተከፋፍሎ ሲወርድለት ነው እንጂ። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመትም ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም የምታገኝ ከተማ ስትሆን፣ ይህ በረከት ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በአንድነት ይፈስስና፣ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ሰማዩ እንደ ተዘጋ ይቆያል። እንዲህ ባለ አገር የሚበቅል ዛፍ የስድስት ወር ጥጋብና የስድስት ወር ጾም መልመድ አለበትና፣ ቅጠሉን በበጋ ይጥላል፣ ቅርፊቱን ያወፍራል፣ ሥሩን ወደ ታች ይሰድዳል። ይህን ዓይነቱን ዱር የዕፀዋት ሊቃውንት የኮምብሬተምና የተርሚናሊያ ዱር ይሉታል፤ ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ፋን ብሩገል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የዕፀዋት ሽፋን ካርታ ላይ የምዕራቡ ቆላ ከሱዳን ጠረፍ አንሥቶ በሰፊው በዚህ ተሸፍኖ ይታያል።

እውነተኛው የዝናም ደን ያለው ከዚህ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ በጎሬ፣ በማሻ፣ በቴፒና በቦንጋ በኩል ነው፤ በዚያ አገር ዝናም የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው፤ የዱር ቡናውም፣ የኮረሪማውም፣ የጥምዙም ምንጭ እርሱ ነው። የካፋና የያዮ ደኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010፣ የሸካ ደን በ2012፣ የማጃንግ ደን በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝገብ ገብተዋል። በእነርሱም መካከል እንኳ ዘንባባን የሚፈልግ ሰው፣ ጥቅጥቅ ካለው ደን ውስጥ ይልቅ ረግረጉ በተንጣለለበት፣ ጎጀብን በመሰሉ ወንዞች ዳር ነው የሚያገኘው። ሕጉ በደረቁም ዱር በርጥቡም ደን አንድ ነው ማለት ነው።

አፍሪካ በዘንባባ ዘር ያልታደለች ክፍለ ዓለም መሆኗ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። በዓለም ላይ ከ2,500 የማያንስ የዘንባባ ዓይነት ሲኖር፣ ሰፊው የአፍሪካ ምድር በሙሉ 70 እንኳ አይሞላም፤ ማዳጋስካር ግን አንዲት ደሴት ሆና ሳለች ወደ 200 የሚጠጋ ዓይነት ታበቅላለች። ሊቃውንት ይህን ድህነት የሚያስረዱት ክፍለ ዓለማችን በጥንት ዘመናት ደጋግማ በደረቀችበት ወራት ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ዘንባባውም ዘር ዘሩ ጠፋ፣ የተረፉት ጥቂቶቹም የወንዝና የምንጭ ዳር ይዘው ቀሩ። ስለዚህ በዳቡስ ዳር አንድ የዱር ዘንባባ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ብዙ የጠፋበት ነገድ ቅሬታ በፊቱ መቆሙን ቢያስተውል፣ የጉዞው ድካም ይቀልለዋል።

ወደ ወንዙ ከመውረዱ በፊት ግን መንገደኛው በሽመሉ ዱር ያልፋል፤ በዚህም መዘግየት ይገባል፤ የአሶሳ ምድር ትልቁ ሀብቱ ይህ ነውና። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ የቆላው ሽመል ግን ውስጡ የተደፈነ ወይም ለመደፈን ጥቂት የቀረው በመሆኑ፣ ለምርኩዝ፣ ለቤት ማገርና ለአጥር ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። ሽመሉ በአንድ ሥር በጉንጉን ይበቅልና፣ በክረምቱ መግቢያ አዲሱ ቡቃያ ከመሬት ሲወጣ፣ የበርታና የጉሙዝ እናቶች ለስላሳውን ቡቃያ ለቅመው፣ ቀቅለው ለምግብ ያውሉታል። ሽመል እንደ ሌላው ዛፍ በየዓመቱ አያብብም፤ ለብዙ ዓመታት በቅጠልና በግንድ ብቻ ኖሮ፣ ቀኑ ሲደርስ በሰፊው አገር ያለው በአንድነት ያብባል፣ ያፈራል፣ ካፈራም በኋላ ይሞታል። በአሶሳ አካባቢ እንዲህ ያለ የጅምላ ማበብ ደርሶ፣ ብዙ ሄክታር ሽመል ቆሞ ደርቋል። ይህ ግን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ከወደቀው ዘር እልፍ አእላፍ ቡቃያ ይነሣልና፣ እሳትና ከብት ከተከለከለለት ዱሩ ራሱን ይተካል። እሳት ከገባበት ግን የአንድ ትውልድ ሽመል በአንድ በጋ ይጠፋል።

በዚህ ዱር ውስጥ መንገደኛው ዓይኑን መሬት ላይ ማሳረፍ ይገባዋል፤ በዓለም ውስጥ ከዚህ አካባቢ በቀር የትም የማይገኝ አንድ ጦጣ የሚኖረው በመሬት ላይ ነውና። ይህ የአባይ ሸለቆ ቀይ ጦጣ ነው። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ሩጫውም ከጦጣና ከዝንጀሮ ነገድ ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ይህ ወገን በሜዳ ላይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ እንደሚችል ተመዝግቧል። ጀርመናዊው ራይሸንባኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ለብቻው ስም ሰጥቶት የነበረ ቢሆንም፣ ኋላ የመጡት ሊቃውንት ከምዕራብ አፍሪካው ቀይ ጦጣ ጋር ደባልቀውት ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ፤ ጣሊያናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ስፓርታኮ ጂፖሊቲ የቆዩትን ናሙናዎችና ሥዕሎች መርምሮ፣ የኢትዮጵያና የሱዳን የአባይ ሸለቆ ጦጣ ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን በ2017 ጽፎ አቀረበ። እኔ እንደማምነው፣ አንበሳና ዝሆን ካልታየ ዱሩ ባዶ ነው የሚሉ ጎብኚዎች ይህን ቀይ ሯጭ ሳያዩት የሚያልፉት ማየት ስለማይችሉ ሳይሆን፣ እርሱን እንዲፈልጉ የነገራቸው ስለሌለ ነው። በረድፍ ሆነው ሳሩን ሲያቋርጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ በሁለት እግሩ ቆሞ አካባቢውን ሲቃኝ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

ከሽመሉ ወጥቶ ወደ ዳቡስ፣ ወደ በለስ፣ ወይም ወደ አባይ ሲወረድ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሳሩ እየበዛ፣ ዛፉ እየራቀ ይሄድና፣ ድንገት የወንዙ መስመር ላይ ሲደረስ መልኩ ሁሉ ይለወጣል፤ ሾላው፣ ዶቅማው፣ ሁመሩ በበጋም ቢሆን አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ዘንባባውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚገኘው ብዙ ግንድ ከአንድ ሥር የሚያወጣው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጠቀው፣ በሥሩ እሾህ ያለበት ዘንባባ ሲሆን፣ ይህ የተምር የቅርብ ዘመድ ነው። ፍሬው ትንሽና ብዙ ሥጋ የሌለው ቢሆንም ወፍም፣ ጦጣም፣ ጥሪኝም ይበላዋል። የኢትዮጵያ ምእመን ሁሉ ይህን ዛፍ ያውቀዋል፤ በሆሣዕና ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታደለው፣ በጣት ላይ ቀለበት፣ በግንባር ላይ መስቀል ሆኖ የሚታሰረው ቅጠል የእርሱ ነውና። ከቅጠሉ የሚሠራው ሰሌን ለመኝታና ለመቀመጫ ሲያገለግል ኖሮ፣ በመጨረሻም ሙታን ተገንዘው ይጠቀለሉበታል፤ በቆላው የእስልምና አገርም በሰሌን ላይ ይሰገዳል። በኦሪት ዘጸአት የእስራኤል ልጆች ከማራ ተነሥተው ኤሊም ሲደርሱ፣ በዚያ የተገኙት 12 ምንጮችና 70 ዘንባባዎች አብረው መነገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምድረ በዳ ሰው ዘንባባን ከሩቅ ሲያይ ያየው ውሃውን ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በፍልውሃው ዙሪያ የሚታዩት የዶም ዘንባባዎች ደግሞ ይህንኑ በአፋር ምድር ይመሰክራሉ። ዶም ግንዱ በሁለትና ከዚያም በላይ እየተከፈለ የሚያድግ በመሆኑ ከዘንባባ ወገን ልዩ ነው፤ ይህንንም ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ግብፅ ዕፀዋት ሲጽፍ አስተውሎት ነበር።

የምዕራቡ ቆላ ባላባት ግን ሌላው ዘንባባ ነው። በሱዳን ጠረፍ ያሉ ሰዎች ዶሌብ ይሉታል፤ የጀርመኑ ሊቅ ማርትዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ሲሰይመው ቦራሱስ ኤትዮጵዩም አለው። ግንዱ ቀጥ ብሎ፣ ቅርንጫፍ ሳያወጣ እስከ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይመዘዛል፤ ከመሬት 12 ወይም 15 ሜትር ያህል ከፍ ሲል በመካከሉ ይወፍርና እንደ ገና ይቀጥናል፤ በራሱም ላይ የክብ ማራገቢያ ቅርጽ ያላቸው፣ ከሰው የሚሰፉ ቅጠሎች ይቆማሉ። ወንዱና ሴቱ በተለያየ ግንድ ላይ ስለሆኑ፣ ፍሬ የሚገኘው ከሴቲቱ ብቻ ነው፤ ፍሬውም የሕፃን ራስ የሚያክል፣ ሲበስል ብርቱካን መልክ የሚይዝ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ፣ በውስጡ እስከ 3 የሚደርስ ድንጋይ የመሰለ ፍሬ የያዘ ነው።

ዘንባባ ከሌላው ዛፍ የሚለይበትን ጠባይ ሳያውቁ በፊቱ መቆም ግማሽ ማየት ነው። ዋንዛም ሆነ ጽድ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል በሕይወት ያለ ስስ ሽፋን አለው፤ ዛፉ በየዓመቱ የሚወፍረው በዚህ ሽፋን ነው፤ እሳት ዙሪያውን ከላሰው ወይም ሰው ቅርፊቱን ዙሪያውን ከላጠው ይሞታል። ዘንባባ ይህ ሽፋን የለውም። ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በግንዱ ሁሉ ውስጥ ተበትነው ስለሚገኙ፣ በየበጋው ሳሩን የሚበላው ሰደድ እሳት ግንዱን ቢያጠቁረውም አይገድለውም። በአሶሳ ዙሪያ ከታች እስከ ወገቡ ከሰል የመሰለ ዘንባባ ራሱ ለምልሞ ቢታይ ምሥጢሩ ይህ ነው። በሌላ በኩል ግን የሚያድግበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ በራሱ ላይ፣ በቅጠሎቹ እምብርት የተሰወረች አንዲት ለስላሳ እምቡጥ ናት። እርስዋ ከተቆረጠች፣ ለምግብ ተብላም ይሁን ለመጠጥ ጭማቂዋ ተቀድቶ፣ ያ ግንድ ሌላ ቅርንጫፍ የሚያወጣበት መንገድ የለውም፤ ቆሞ ይደርቃል። እሳትን የሚንቅ ዛፍ በአንድ ገጀራ የሚሞት መሆኑ፣ በሰው እጅ የተጣለበትን አደራ ክብደት ያሳያል።

የዶሌብ አበቃቀል ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ዘሩ በመሬት ላይ እንደ ወደቀ ወደ ላይ አይበቅልም፤ በመጀመሪያ እንደ ሥር የሚመስል ነገር አውጥቶ ወደ ጥልቅ መሬት ይወርድና፣ ቡቃያውን በዚያ ጥልቀት ውስጥ ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንዲት ጠባብ ቅጠል ወደ ብርሃን ትወጣለች። ስለዚህ ሕፃኑ ዘንባባ ለብዙ ዓመታት ግንድ የለውም፤ በሳር መካከል የተተከለ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይታያል፤ እሳቱ ቅጠሉን ቢበላበት፣ ሕይወቱ ከመሬት በታች ስላለ እንደ ገና ይልካል። ጥበበ ፈጣሪ በዚህ ውስጥ እጅግ ጐልቶ ይታያል፤ የእሳት አገር ልጅ ከመወለዱ በፊት ከእሳት ተሰውሯል።

ይሁንና ያ ከባድ ዘር ከእናቱ ጥላ ሥር ወጥቶ ወደ ሌላ ወንዝ ዳር መድረስ አለበት፤ ይህንም የሚያደርጉለት አራዊት ናቸው። በአፍሪካ የዶሌብ ዋና ተሸካሚ ዝሆን ነው፤ ፍሬውን ውጦ፣ ሥጋውን ፈጭቶ፣ ዘሩን ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከፋንድያው ጋር ያስቀምጠዋል። ዝንጀሮም ሥጋውን እየጋጠ ጥቂት ያራርቀዋል፤ ነገር ግን ዝንጀሮ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። የዳቡስ ሸለቆ በቀድሞ ዘመን የዝሆን አገር ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ከወርቅ ጋር በቤኒ ሻንጉል ገበያ የሚያልፍ ሸቀጥ ነበር። ዝሆኑ በጠመንጃ ብዛት ሲመናመን፣ የተጎዳው ዝሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዘንባባውም ተሸካሚውን አጣ። አሁን በአንዳንድ ወንዝ ዳር ረጃጅም ዘንባባዎች ተሰልፈው ሳለ በሥራቸው አንድ ታዳጊ የማይገኝበት ስፍራ አለ፤ ወጣቱ ሁሉ ተሰድዶ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ማለት ነው። ከሩቅ ለሚያየው ግን ለምለም ነው።

በዘንባባው ራስ ላይ ደግሞ ሌላ ማኅበር ይኖራል። የዘንባባ ወንጭፊት የምትባል ጠባብ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ፣ ጎጆዋን በተንጠለጠለ ቅጠል ውስጠኛ ገጽ ላይ በምራቋ ላባ አጣብቃ ትሠራለች፤ እንቁላሎቿንም በዚያው ምራቅ ስለምታጣብቃቸው፣ ነፋስ ቅጠሉን ወዲያና ወዲህ ሲያማታው አይወድቁም፤ እርስዋም በጥፍሯ ተንጠልጥላ፣ ቆማ ትታቀፋቸዋለች። ዘንባባ በሌለበት ይህች ወፍ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ከታች በወንዙ ገደል አፈር ውስጥ ጉሮሮዋ ቀይ የሆነች ንብ በል ወፍ ጉድጓድ እየማሰች ትራባለች፤ ይህችም የምዕራቡ ቆላ ወፍ በመሆኗ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሚመጣ ወፍ ተመልካች አጥብቆ ይፈልጋታል። በጥልቁ ውሃ ጉማሬና አዞ አሉ፤ በሜዳውም ኤርኩም በዝግታ ይራመዳል። የአንበሳን ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፣ ከቤኒ ሻንጉል ጋር በሚዋሰነው በቋራ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በካሜራ ወጥመድና በዱካ ተረጋግጧል፤ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ ዱር ስለሆነ፣ አንበሳው ድንበር ሳያውቅ ይመላለሳል።

ይህ ምድር ለዘመናት የውጭ መንገደኞች የረገጡት ነው፤ ነገር ግን ዓይናቸው ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነበር። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ከግብፁ የጦር መሪ ከእስማኤል ፓሻ ሠራዊት ጋር በሱዳን እስከ ፋዞግሊና ከዚያም ወደ ደቡብ ሲዘልቅ፣ ሠራዊቱ ይፈልግ የነበረው የቤኒ ሻንጉልን ወርቅ ነው። ሆላንዳዊው ኽዋን ማርያ ስኽውፈር ደግሞ ከ1881 ጀምሮ በበርታ ምድርና በአካባቢው ተመላልሶ፣ የሕዝቡን አኗኗርና የወንዞቹን መንገድ በትጋት መዘገበ፤ በ1883 ግን በባሕር አል ገዛል ተገድሎ ሥራው ሳይጠቃለል ቀረ። ዘንባባውን ለራሱ ብሎ የሚጽፍለት ሰው ብዙ ዘግይቶ መጣ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ የዘንባባን ነገድ የያዘው ስድስተኛው ቅጽ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው።

አሁን ለጉዞው የሚያስፈልገውን ጥቂት ልናገር። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ በፊት ሳሩ መንገድ ይዘጋል፣ ወንዙም አይሻገርም፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይጠነክራል። የአጎበርና የወባ መድኃኒት ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ በወንዞቹ ዳር የገንዲ ዝንብ ስላለ በበቅሎና በፈረስ መተማመን አይቻልም፤ ስለዚህ በእግር መሄድ ግድ ነው። ክልሉ ባለፉት ዓመታት በተለይ በመተከልና በካማሺ ብዙ ደም የፈሰሰበት በመሆኑ፣ ከመነሣት በፊት ከአካባቢው አስተዳደር መንገዱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በበርታ መንደር የሚያልፍ ሰው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሽማግሌዎቹን ሰላምታ ይስጥ፣ የመጣበትንም ነገር ይንገር፤ በጉሙዝ አገር እናቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው በጠባቡ ዱካ ሲመጡ፣ ከመንገድ ወረድ ብሎ ያሳልፋቸው። መሪ ያለ ምትክ ያስፈልጋል፤ የማር ቀፎ የሚሰቅልና አደን የሚያውቅ ሰው ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል፤ ዘንባባው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ፍሬው መቼ እንደሚወድቅ፣ ዝንጀሮው በየትኛው ሰዓት እንደሚወርድ ያውቃልና። በጠዋት ተነሥቶ፣ ነፋስን በፊት አድርጎ፣ ከወንዙ ጥቂት ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሮጥ ይልቅ ብዙ ያሳያል።

ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እየተለወጠ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም የተራቡ አገሮች ብዙ ሺህ ገበሬዎች በአሶሳ ሲሰፍሩ፣ ለእርሻና ለማገዶ ሰፊ ዱር ተመነጠረ፤ ነፍስን ለማዳን የተደረገ በመሆኑ በሰፋሪው ላይ ጣት የሚቀሰርበት አይደለም፤ ሆኖም ዱሩ ዋጋውን ከፍሏል። ኋላም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሸርቆሌና በባምባሲ ተጠልለዋል፤ ስደተኛም እሳት ያነዳል። በጉባ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ በመሆኑ፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 640 ሜትር ከፍታ ያለው የአባይ ዳርቻ ሐይቅ ሆኗል። ግድቡ ለሀገር የሚሰጠው ጥቅም ታላቅ መሆኑን የማይቀበል ሰው የለም፤ እኔም እቀበላለሁ። ነገር ግን ውሃን ተከትሎ የኖረ ዛፍ ውሃው ሲነሣበት ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ አዲሱ ዳርቻም በክረምትና በበጋ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ዘንባባ በራሱ ጊዜ ሊሰፍርበት ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ተሸካሚው ዝሆን ከሌለ ደግሞ ያ ዘመን ይረዝማል።

ስለዚህ ሰው የዝሆኑን ሥራ ጥቂት ሊሠራለት ይገባል፤ ይህም የሚከብድ አይደለም። በዶሌብ ሥር የደረሰ መንገደኛ ወደ ላይ አይቶ ከጠገበ በኋላ፣ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ታዳጊዎቹን ይፈልግ፤ ከሳሩ ውስጥ ጠንካራ ማራገቢያ መሰል ቅጠል ብቅ ካለች ያ ወንዝ ወራሽ አለው፤ ካልተገኘ ግን ዘር መትከል ነው። ችግኝን በፕላስቲክ ከረጢት አፍልቶ ማዛወር ለግራርና ለዋንዛ የሚስማማ ሲሆን፣ ዶሌብ ግን ቡቃያውን ወደ ጥልቅ መሬት ስለሚያወርድ በከረጢት ውስጥ ይታነቃል፣ ሲነቀልም ይሰበራል፤ ትኩሱን ዘር ሥጋውን አራግፎ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ለስላሳ አፈር ባለበት ወንዝ ዳር በሚኖርበት ቦታ መቅበር ይሻላል። ሥፍራው በድንጋይ ይከበብ፤ ለመንደሩ እረኞችና ለቅርቡ ማሳ ባለቤትም ይታይ፤ ለብዙ ዓመታት ሳር መስሎ የሚኖር ዛፍ ነውና፣ ካልተነገረላቸው በመጀመሪያው አረም ወቅት ከአረሙ ጋር ይነቅሉታል።